ትንሿ ቡችላችሁ ስታድግ ምግቧን እንዴት ትቀይራላችሁ?

ኮኮ 11 ወር ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ የቡችላ ምግቧ አለቀ። ከረጢቱን ገልብጬ ባራግፈው እፍኝ አይሞላም። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ሱቅ ጎራ አልኩና "አሁን አድጋለች፣ የትልቅ ውሻ ስጠኝ" አልኩት ልጁን። ሰጠኝ። ማታ ሳህኗን ሞላሁላት። ጥርግ አድርጋ በላች፤ እኔም ወደደችው ብዬ ደስ አለኝ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በሩን እየቧጨረች ቀሰቀሰችኝ። እስኪነጋ አራት ጊዜ አወጣኋት። ሲነጋ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ፣ ውሃ ሳቀርብላት ፊቷን ስታዞር አንጀቴን በላችው። ሙሉ ክብደቷ እኮ 3 ኪሎ ነው። እንደዚህ ያለች ትንሽ ውሻ በአንድ ሌሊት ተቅማጥ የምታጣው ውሃ ለትልቅ ውሻ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለእሷ ግን ብዙ ነው።

ሐኪሙ ሁለት ነገር ነው የጠየቀኝ። "ምግብ ቀይራችኋል?" አለኝ። አዎ አልኩ። "በስንት ቀን?" ሲለኝ ጥፋቴ ገባኝ። በአንድ ቀን ነበር። ቤት ተመልሼ ከረጢቱን ደህና አድርጌ ሳነበው ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። የገዛሁት ከ25 ኪሎ በላይ ለሚመዝኑ ዝርያዎች የተዘጋጀ ነው። "የትልቅ ውሻ" ስለው ልጁ የሰማው ያደገ ውሻ ሳይሆን ግዙፍ ውሻ ነው። አልፈርድበትም፣ በአማርኛ ሁለቱም ያው ነው የሚባሉት። እናንተ ሱቅ ስትገቡ "ዕድሜዋ ለደረሰ፣ ግን ለትንሽ ዝርያ" ብላችሁ ሁለቱንም ለይታችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር በደንብ ተምሬዋለሁ። ማልቲዝ፣ ሺትዙ፣ ቺዋዋ፣ ፖሜራኒያን፣ ዮርኪ ወይም የእነዚህ ድቅል ያላችሁ ሰዎች እኔ ያየሁትን ሌሊት እንዳታዩ ነው የምጽፈው።

ጊዜው መቼ ነው?

ትንንሽ ዝርያዎች ቶሎ ያድጋሉ። አብዛኞቹ ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ እድገታቸውን ይጨርሳሉ። እንደ ግሬት ዴን ያለ ግዙፍ ውሻ ግን እስከ 18 ወይም 24 ወር ድረስ ማደጉን አያቆምም። ስለዚህ ጀርመን ሼፐርድ ያለው ጎረቤታችሁ "እኔ እስከ ዓመት ከመንፈቅ የቡችላ ነው የሰጠሁት" ቢላችሁ እሱም ልክ ነው፣ የእናንተ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

እድገቷ ማብቃቱን የምታውቁት በክብደቷ ነው። በየሁለት ሳምንቱ መዝኗት። ሳትወፍርም ሳትከሳም ለሁለት ወር ያህል ክብደቷ አንድ ቦታ ከቆመ፣ ዕድሜዋም 10 ወር አካባቢ ከሆነ፣ ደርሳለች።

የቡችላ ምግብ ውድ ስለሆነ ገና በ5 እና በ6 ወሯ ወደ አዋቂ ምግብ የሚያሸጋግሩ አሉ። ኑሮው እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እባካችሁ ታገሱ። ልዩነቱ የከረጢቱ ሥዕል ላይ ብቻ አይደለም። ብዙ አምራቾች የሚከተሉት የአሜሪካው አፍኮ የሚባለው የመኖ መለኪያ፣ ውሃው ሳይቆጠር በደረቁ ክፍል ሲሰላ፣ ለቡችላ ቢያንስ 22.5 በመቶ ፕሮቲን ይጠይቃል፤ ላደገ ውሻ 18 በመቶ ይበቃል። ስቡ ለቡችላ 8.5፣ ላደገ 5.5 ነው። ካልሲየሙ ደግሞ ለቡችላ 1.2፣ ላደገ 0.5 ነው። አጥንቷን ገና እየሠራች ላለች ቡችላ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማዘግየቱም ጥሩ አይደለም። ዓመት ተኩል የሞላትን ውሻ የቡችላ ምግብ መመገብ ከሚያስፈልጋት በላይ ጉልበት መስጠት ነው፤ ትርፉ ስብ ይሆናል። ትንንሽ ውሾች ደግሞ የጉልበታቸው ሎሚ ከቦታው ይንሸራተትባቸዋል፣ የአየር ቧንቧቸውም ደካማ ነው። ውፍረት ሁለቱንም ያባብሳል።

ከመጀመራችሁ በፊት አፏን ክፈቱና እዩ። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አላት፣ ስታድግ 42 ይሆናሉ። የወተቶቹ በ7 ወር ገደማ ተነቅለው ማለቅ ነበረባቸው። በትንንሽ ዝርያዎች ግን የወተት ክራንቻ አልወጣም ብሎ ከአዲሱ ጎን ተጣብቆ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። እንደዚህ ካያችሁ ለሐኪም አሳዩ። በመሃላቸው ምግብ ይገባል፣ ድዷ ይቆስላል፣ ከዚያ አዲሱን ምግብ ስትሰጧት ታምማ እምቢ ስትል እናንተ አልወደደችውም ትላላችሁ።

የምትጀምሩበትን ሳምንትም ምረጡ። ክትባት በወሰደች ሰሞን፣ የትል መድኃኒት በሰጣችኋት ሰሞን፣ ቤት በቀየራችሁበት ሰሞን አይሁን። ሆዷ ቢበላሽ ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ ያቅታችኋል። የፋሲካና የገና ሳምንትም አይሁን፤ ቤቱ ሁሉ ሥጋና ቅቤ ነው፣ እንግዳው ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር ይወረውርላታል። የምትጾሙ ከሆነ ግን አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ ሁዳዴ ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። 55 ቀን ሙሉ ቤት ውስጥ የጥብስ ሽታ የለም፣ እሷም የምትለምነው የለም፣ ትኩረቷ ሳህኗ ላይ ብቻ ይሆናል። ፋሲካ ሲደርስ አዲሱን ለምዳዋለች።

ከረጢቱ ላይ ምን ታያላችሁ?

"አዳልት" የሚለውን፣ "ስሞል ብሪድ" ወይም "ሚኒ" የሚለውን፣ እና "ኮምፕሊት" የሚለውን። የመጨረሻው ምግቡ ብቻውን ይበቃል ማለት ነው። "ኮምፕልመንታሪ" የሚል ከሆነ ግን ተጨማሪ ነው እንጂ ዋና ምግብ አይደለም። "ኦል ላይፍ ስቴጅስ" የሚለው ደግሞ ለቡችላም ለአዋቂም እንዲሆን የተሠራ ነው፣ ስለዚህ የቡችላውን ያህል የበለጸገ ነው። መጥፎ አይደለም፣ ልኬቱ ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። የትንሽ ዝርያው ፍሬ ትንንሽ ስለሆነ ለትንሽ መንጋጋ ይመቻል። ኮኮ ያንን የትልልቆቹን ፍሬ ሳታኝክ ነበር የምትውጠው።

ከተከፈተ ጆንያ በኪሎ እየተቀነሰ የሚሸጠውን ስትገዙ የሚያበቃበትን ቀን ከጆንያው ላይ አሳዩኝ በሉ፣ አሽትቱትም። ስቡ የተበላሸ ምግብ የቆየ ዘይት ይሸታል። ቤት ስታስገቡት በራሱ ከረጢት አፉን አጥፋችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከተከፈተ በኋላ በ6 ሳምንት ውስጥ ይለቅ። ለ3 ኪሎ ውሻ 15 ኪሎ ከረጢት መግዛት ርካሽ ቢመስልም ሳያልቅ ይበላሻል።

አሥሩ ቀን

የድሮው ሳያልቅ ነው አዲሱ የሚገዛው። ሆድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን የለመዱትን ምግብ ነው የሚያውቁት፤ ስቡና ፋይበሩ በድንገት ሲቀየርባቸው ይረበሻሉ፣ ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጊዜ ስታገኝ አንጀቷ ራሱን ያስተካክላል።

በቀን 70 ግራም የምትበላ ውሻን እንውሰድ፣ ጠዋት 35፣ ማታ 35። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በእያንዳንዱ ሳህን ከድሮው 26 ግራም፣ ከአዲሱ 9 ግራም ቀላቅሉ። ከ4ኛው እስከ 6ኛው ቀን እኩል በእኩል አድርጉት። ከ7ኛው እስከ 9ኛው ይገለበጣል፣ የድሮው 9፣ አዲሱ 26። በ10ኛው ቀን አዲሱ ብቻ ይሆናል። ደምሩት ብትሉ ከድሮው 315 ግራም ያስፈልጋችኋል ማለት ነው። ስለዚህ የድሮው ከረጢት ግማሽ ኪሎ ሲቀረው ሱቅ ሂዱ።

እኔ ኮኮን ለሁለተኛ ጊዜ ሳሸጋግራት 14 ቀን ነው የወሰድኩት፤ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ አንድ ቀን ተኩል ገደማ ጨመርኩ። ሆዷ ቶሎ የሚረበሽ ውሻ ካላችሁ እንደዚህ አድርጉ፣ ምንም አይጎዳም።

ደህና አድርጋችሁ አማሱት። አንዳንዷ ብልጥ የድሮውን እየለቀመች አዲሱን ሳህኑ ላይ ትተዋለች። ያኔ ለብ ያለ ውሃ ሁለት ማንኪያ ጠብ አድርጋችሁ ለአምስት ደቂቃ ተዉት። ሽታው ይቀላቀላል፣ መልቀም ያቅታታል። የመመገቢያ ሰዓቱንም አትንኩ። በቀን ሦስቴ ትበላ ከነበረና ወደ ሁለቴ ማውረድ ካሰባችሁ ምግቡን ቀይራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ይሁን። በጣም ትንንሾቹ፣ ከ2 ኪሎ በታች የሆኑት፣ ካደጉም በኋላ ሦስቴ ቢበሉ ይሻላቸዋል።

በእነዚህ ቀናት ዋናው መረጃችሁ ካካዋ ነው። ማፈር የለም፣ እዩት። ቅርጹን የያዘ፣ በፌስታል ስታነሱት መሬት ላይ ብዙም ምልክት የማይተው ከሆነ ቀጥሉ። ለስለስ ካለ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ፣ እዚያው ላይ ሁለት ቀን ጨምሩ። ውሃ ከሆነ ወደ ኋላ ተመለሱ፣ ምግቧን ለአንድ ቀን ጨውም ቅባትም ሽንኩርትም የሌለው የተቀቀለ ሩዝና የዶሮ ፍርምባ አድርጉት። ለሰው የታዘዘ መድኃኒት ከቤት አውጥታችሁ አትስጧት።

ደም ካለበት፣ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደጋግማ ካስመለሰች ወይም ከፈዘዘች በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰዷት። ድዷን በጣታችሁ ንኩት። ሲነካ እርጥብና የሚያንሸራትት መሆን አለበት፤ የሚጣበቅ ከሆነ ውሃ አጥሯታል። ለስላሳው ካካ ከሳምንት በላይ ከቆየ ደግሞ ጥፋቱ የምግቡ ላይሆን ይችላል፣ ትል ወይም ጃርዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ ሊሆን ይችላል። ትኩስ ናሙና በንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ።

አንዲትም ፍሬ አልበላም ብትልስ? ሳህኑን 20 ደቂቃ አቆዩላት፣ አንሱት፣ በሚቀጥለው ሰዓት መልሱት። በመሃል ጥብስ አታምጡ። አንድ ጊዜ ካመጣችሁ እምቢ ማለት ጥብስ እንደሚያስገኝ ትማራለች። ነገር ግን ትንሽ ውሻ ቀኑን ሙሉ ሳትበላ እንድትውል አትተዉ፣ በተለይ ገና ልጅ ከሆነች ስኳሯ ይወርዳል። ከተንገዳገደች፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ዓይኗ ከፈዘዘ ትንሽ ማር ድዷ ላይ ቀቡና ወደ ሐኪም ሩጡ።

ስንት ትብላ?

ብዙ ሰው ከረጢቱን ይቀይርና መስፈሪያውን ይረሳዋል። እኔ የምሰፍረው በቡና ሲኒ ነበር። አንድ ቀን የወጥ ቤት ሚዛን ገዝቼ ሲኒዋን መዘንኩት። አፏ ድረስ ልክ ስሞላት 32 ግራም ነው። እኔ እንደማደርገው ቁልል አድርጌ ስሞላት 41 ግራም። ልዩነቱ 9 ግራም ነው። በቀን ሁለቴ ሲሆን 18 ግራም፤ ለኮኮ ይህ የቀን ምግቧ ሩብ ነው። ዓይኔ እያየ በየቀኑ ሩብ ቀን አስበልጬ እያበላኋት ነበር።

ስለዚህ አስሉት። ስልካችሁ ላይ ካልኩሌተሩን ክፈቱ። ክብደቷን በኪሎ ሦስት ጊዜ አባዙት፣ ለ3 ኪሎ 3 ሲባዛ በ3 ሲባዛ በ3፣ 27 ይመጣል። ከዚያ የካሬ ሥር ምልክቷን ሁለት ጊዜ ተጫኑ፣ 2.28 ገደማ ይሰጣችኋል። በ70 አባዙት። 160 ካሎሪ መጣ? ይህ ዝም ብላ ተኝታ ብትውል የሚያስፈልጋት ነው። ያደገችና በቀዶ ሕክምና የመከነች ከሆነች ይህን በ1.6 አባዙት፣ 255 ይሆናል። ካልመከነች በ1.8፣ 287 ነው። በእድገት ላይ ያለች ቡችላ ግን 2 እጥፍ፣ 320 ገደማ ትፈልጋለች። ስታድግ ምን ያህል እንደሚቀንስ አያችሁ?

ከረጢቱ ጀርባ ላይ በኪሎ ስንት ካሎሪ እንዳለው አብዛኛውን ጊዜ ይጻፋል። 3700 ከሆነ በአንድ ግራም 3.7 ነው። 255ን ለ3.7 ስታካፍሉት 69 ግራም። በቃ፣ የኮኮ የቀን ምግብ ይኸው ነው። ቁጥሩ መነሻ ነው፣ ሶፋ ላይ የምትውለው ያንስባታል፣ ስትሯሯጥ የምትውለው ይጨምርላታል። ማምከኛ ቀዶ ሕክምና ካደረጋችሁላት ፍላጎቷ ሲቀንስ የምግብ አምሮቷ ግን ይጨምራል፣ ስትለምናችሁ ያንን አስቡ።

ጉርሻው

የእኛ ቤት ትልቁ ችግር ፍቅር ነው። እናቴ ስትመጣ ኮኮን ሳታጎርስ አትሄድም። ብትከለክሏት ትቀየማለች። መፍትሔ ያገኘሁት እንዲህ ነው፦ ጠዋት ከቀን ምግቧ ላይ 7 ግራም ቀንሼ በትንሽ ብልቃጥ አስቀምጣለሁ። "እማዬ፣ ከዚህ አጉርሻት" እላታለሁ። እሷም ደስ ይላታል፣ ኮኮም ከእጅ ስለመጣ ብቻ ጥብስ ያገኘች ነው የሚመስላት። ከዋናው ምግብ ውጭ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ተደምሮ ከቀኑ ካሎሪ 10 በመቶ ማለፍ የለበትም። ለ3 ኪሎ ውሻ 25 ካሎሪ ነው፣ ከአንድ ቁራሽ አይብ አይበልጥም።

ወጥ ግን በፍጹም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሕዋሷን ይሰብራሉ፣ ቢበስሉም አይለውጣቸውም፣ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ደግሞ ቤታችን የለም። ሽሮውም ያው ነው። የዶሮ ወጥ አጥንት ሲበስል እንደ ስንጥር ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። ቅቤ የበዛበት ሥጋ ቆሽቷን ያሳብጣል። ሂምባሻና ቆሎ ውስጥ የሚገባው ዘቢብ ኩላሊት ይመታል፣ ቸኮሌትም መርዝ ነው። ስኳር የለውም የሚባለው ማስቲካ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ስኳሯን በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥለው ይችላል። የዳቦ ሊጥ እንኳን ሆዷ ውስጥ መቡካቱን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ቡሃቃውን ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

በበዓል በግ ሲታረድ ደግሞ ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ልማዳችን ነው። ይህን ተዉት፣ ለእሷም ለልጆቻችሁም። ያ ውሃ የቋጠረው ከረጢት የውሻ ኮሶ ትል ዕጭ የያዘ ሊሆን ይችላል። ውሻዋ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ በካካዋ ወጥቶ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ሰው ጉበት ላይም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። የእንጀራ ፍርፋሪ አይመርዛትም፣ ግን ሆድ ይሞላል እንጂ ምግብ አይሆናትም።

ቤታችሁ ሰው የሚበዛበት ከሆነ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፉ። ያበላት ሰው ምልክት ያድርግ። እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አብልቻት ወጥቼ እህቴ ሁለት ሰዓት ላይ "አልበላችም መሰለኝ" ብላ የደገመችላትን ቀናት ልቆጥራቸው አልችልም። ኮኮ ደግሞ መብላቷን አትናገርም።

ሽግግሩ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና መዝኗት። ሚዛን ከሌላችሁ የሰፈር ፍራፍሬ ቤት ያለው ዲጂታል ሚዛን ይበቃል፣ ሳፋ ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዶውን አስመዝኑ፣ እሷን አስገቡና አስመዝኑ። ሌላው በእጅ ነው። ጡጫችሁን ጨብጡና በሌላው እጃችሁ የእጃችሁን ጀርባ ዳብሱት፤ አጥንቱ በስሱ ይዳሰሳል። ጎድኗ እንደዚያ መሆን አለበት። እንደ ጡጫችሁ ጉብታ ጎልቶ ከወጣ ከስታለች፣ እንደ መዳፋችሁ ሥጋ ከሆነ ወፍራለች። ፀጉራሞቹን በዓይን ማወቅ አይቻልም፣ እጃችሁን ፀጉሩ ውስጥ አስገቡ።

3 ኪሎ የነበረችው 3 ኪሎ ከ300 ከሆነች፣ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 66 ገባ ማለት ነው። ያኔ ከቀን ምግቧ 5 ግራም ቀንሱና ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳፋውን ይዛችሁ ተመለሱ።